የፒሎታ ተጫዋች ደመወዝ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ «ኅዳር መጨረሻ ላይ የቫሌንሲያን ማራቶን ለማየት ወደ ስፔን ሄጄ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጎን ያለ አንድ አሮጌ ቤት ገብቼ ቀይና ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ትንሽ ጠንካራ ኳስ በእጃቸው ሲመቱ አየሁ። ተመልካቹ እዚያው ሜዳው ውስጥ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ ውርርድም አለ። ፕሮፌሽናል ሊግ እንዳለው ነገሩኝ። ከአንድ ክልል ውጪ ብዙ ሰው የማያውቀው ጨዋታ እንዴት ፕሮፌሽናል ሊግ ሊኖረው ቻለ? ተጫዋቾቹንስ ማን ይከፍላቸዋል? የእኛ የገና ጨዋታ እንዲህ እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው?»

ምላሽ፦ ያዩት የቫሌንሲያ ፒሎታ ነው። በኦሊምፒክ ከምናውቀው እጅ ኳስ ጋር አያምታታዎት፤ እዚህ ጎል የለም፣ በረኛ የለም፣ ኳሷም ከሎሚ ብዙ አትበልጥም። የገቡበት ቤት ትሪንኬት ፔላዮ ይባላል። በ1868 የተከፈተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ የጨዋታው አፍቃሪዎች «ካቴድራሉ» ይሉታል። ሳያስቡት የገቡት ይህ ስፖርት ካሉት ቤቶች ሁሉ በጣም ወደሚከበረው ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ተጫዋቾቹን መጀመሪያ ይከፍላቸው የነበረው ተወራራጁ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ባንክ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ከፍተኛውን ሸክም የተሸከመው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሊግ የምንለው ነገር የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን ጨዋታው ግን የመካከለኛው ዘመን ነው። በ1391 የቫሌንሲያ ከተማ ምክር ቤት በጎዳና ላይ ፒሎታ መጫወትን ከልክሎ ነበር፤ ሕዝቡ ትእዛዙን ከቁብ ሳይቆጥር መጫወቱን ቀጠለ። ስለዚህ «ጨዋታው እንዴት ሊግ ሊኖረው ቻለ?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ከሊጉ መጀመር አያዋጣም። በየመንደሩ የቆሙትን ቤቶችና እነዚያን ቤቶች ሲመግብ የኖረውን ገንዘብ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ትሪንኬት ረጅምና ጠባብ፣ በግድግዳ የታጠረ ሜዳ ነው። ርዝመቱ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል፣ ስፋቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። በአንደኛው ረጅም ግድግዳ ሥር ደረጃ ተሠርቷል፤ መሃል ላይ ገመድ ከነመረቡ ተወጥሯል። እርስዎ ያዩት የጨዋታ ዓይነት ኤስካላ ኢ ኮርዳ፣ ማለትም «ደረጃና ገመድ» ይባላል። በ1910 ኔል ደ ሙርላ የተባለ ተጫዋች እንደጀመረው ይነገራል። ራስፓል በተባለው ሌላው ዓይነት ኳሷ መሬት ለመሬት መሄድ ስለምትችል ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ወለሉን እየጠረገ ይመታታል፤ በኤስካላ ኢ ኮርዳ ግን ኳሷ የግድ ከገመዱ በላይ ማለፍ ስላለባት ጨዋታው ወደ አየር ወጣ፣ ፍጥነቱም ጨመረ። ኳሷን ሁለተኛ ሳትነጥር መመለስ ግዴታ ነው። ነጥቡ እንደ ቴኒስ በ15 እና በ30 ይሄዳል፤ አንድ ጌም ያሸነፈ 5 ይመዘገብለታል፣ ቀድሞ 60 የደረሰ ወገን ያሸንፋል። በየወገኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይሰለፋል። ከኋላ የሚቆመው፣ መሃሉን የሚይዘውና ከገመዱ ሥር የሚጫወተው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሙያ አላቸው። ኳሷን ለማስጀመር ብቻ የሚገባ ፌሪዶር የሚባል ሰውም አለ።

ተመልካቹ ሜዳው ውስጥ መቀመጡ አስገርሞዎታል። ደረጃው የሜዳው አካል ነው፤ ኳሷ ደረጃውን መትታ ስትመለስ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ሰው መትታ ብትመለስም ይቀጥላል። ስለዚህ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ዓይኑን ከኳሷ አይነቅልም። ይህ የፒሎታ ትልቁ ውበት ነው፤ በየትኛውም የዓለም ስታዲየም ተመልካች ከኮከቡ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ አይቼ አላውቅም። የኢኮኖሚው ቋጠሮም እዚሁ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሚይዘው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነው። የፈለገውን ያህል ዝነኛ ፍጻሜ ቢሆን፣ ትኬት በመሸጥ ብቻ የስድስት ሰው ደመወዝ፣ የዳኛና የቤት ወጪ ችሎ ትርፍ ማምጣት አይቻልም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ወደ ተጫዋቾቹ እጅ ልውሰድዎት፤ ደመወዛቸው ሲነሣ እጃቸውን ያላየ ሰው ፍርዱ ይጎድላል። ኳሷ ከስምንት ባለ ሦስት ማዕዘን የከብት ቆዳ ቁራጮች በእጅ የተሰፋች ናት፤ ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ሲሆን ጠንካራ ናት። ከግጥሚያ በፊት በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ፒሎታይሬው (ተጫዋቹን እንዲህ ነው የሚሉት) ፕላስተርና መቀስ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ይቀመጣል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠቀልላል። ኳሷ በምታርፍበት የመዳፉና የጣቶቹ ሥር ቦታ ላይ ከፕላስተሩ በታች ስስ ጠንካራ ነገር ይሰካል፤ የድሮዎቹ የመጫወቻ ካርታ እየቆረጡ ያስገቡ ነበር። ጠቅልሎ እጁን ይከፍታል፣ ይጨብጣል፣ ግድግዳው ላይ ኳስ መትቶ ይሞክራል፣ ካልተመቸው ይፈታውና እንደገና ይጀምራል። መጠቅለያው ከበዛ ኳሷ እጁ ላይ አትሰማውም፣ ከሳሳ ደግሞ በአሥረኛው ጌም ላይ መዳፉ አብጦ መጨበጥ ያቅተዋል። ይህ ዝግጅት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሲሆን የሚያስተምሩትም አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች ናቸው። እጁ ያበጠ ተጫዋች ለሳምንታት አይጫወትም። ክፍያ በግጥሚያ ብቻ በነበረበት ዘመን ደግሞ ያልተጫወተ ሰው ባዶ እጁን ቤቱ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በሜዳው ውስጥ ከደረጃው አጠገብ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚጣራ ሰው አይተው ይሆናል፤ እሱ ማርቻዶር ነው። ከተመልካቹ አንዱ «ለቀዩ ይህን ያህል» ይላል፣ ማርቻዶሩ ያንኑ ያህል በሰማያዊው ላይ የሚያስይዝ ሰው ፈልጎ ሁለቱን ያገናኛል። ሰውዬው ማን ከማን ጋር በስንት እንደተያያዘ በቃሉ ይዞ ይዞራል። ተወራራጆቹ አብዛኞቹ የሚተዋወቁ የቤቱ ደንበኞች ስለሆኑ ቃሉን ያላከበረ ሰው ዳግመኛ የሚያገናኘው አያገኝም። ከውርርዱ ላይ ለአገናኙና ለቤቱ ድርሻ ይነሣል። የትሪንኬቱ ባለቤት ከዚህ፣ ከመግቢያ ትኬትና ከቡና ቤቱ (ትሪንኬት ያለ ቡና ቤት ማሰብ ይከብዳል) በሚያገኘው ነበር ተጫዋቾቹን በግጥሚያ የሚከፍላቸው። ለመቶ ዓመት ያህል የፒሎታ ፕሮፌሽናልነት ይኸው ነበር፤ ኮንትራት የለም፣ ጡረታ የለም፣ የግጥሚያ መርሐ ግብር የሚያወጣ አካል የለም።

የዚህ ሥርዓት ብልሃት ግጥሚያ አሰናጁ ላይ ነው። ሰው የሚወራረደው ውጤቱ ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ ሁለቱን ወገን የማመጣጠን ግዴታ ነበረበት። ኃይለኛውን ብቻውን በሁለት ወይም በሦስት ሰው ላይ ያሰልፈዋል፤ ያ ካልበቃ ተጨማሪ ገደብ ይጥልበታል። ይበረታል የሚባለው ወገን ቀይ ይለብሳል፣ ሌላው ሰማያዊ፤ አዲስ የገባ ተመልካች በቀለሙ ብቻ ግምቱን ያነባል። ይህን ሥራ በሚገባ የሚሠራ ሰው የሁሉንም ተጫዋች አቅም፣ የዕለቱን የእጅ ሁኔታ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ ማወቅ አለበት። ብዙ የስፖርት አስተዳደር ሰዎች ይህን የድሮ አሠራር ከቁማር ጋር ብቻ አያይዘው ይንቁታል። በእኔ እምነት ፉክክርን ሚዛናዊ ለማድረግ የአሜሪካ ሊጎች በውስብስብ ደንብ የሚደክሙበትን ነገር የመንደር ትሪንኬት ባለቤቶች በጭንቅላታቸው ሲሠሩት ኖረዋል።

ይህ ዘመን የወለደው ትልቁ ሰው ፓኮ ካባኔስ ነው። በ1954 ጄኖቬስ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወልዶ በከተማዋ ስም ኤል ጄኖቬስ ተባለ። ስለ ፒሎታ ምንም የማያውቅ ቫሌንሲያዊ እንኳ ይህን ስም ያውቃል። በ1995 ጡረታ ወጣ፣ በ2021 አረፈ፤ ሲሞትም የክልሉ ሕዝብ እንደ አንድ ትልቅ ሰው ነው የሸኘው። ልጁ ጄኖቬስ ሁለተኛ ተብሎ ተጫውቷል። ፒሎታይሬዎች በዚህ መልክ ስም ይወርሳሉ፦ ሶሮ ሦስተኛ ከማሳማግሬል፣ ፑቾል ሁለተኛ ከቪናሌሳ። ከፋውራ የወጣው አልቫሮ ደግሞ በራሱ ስም ነግሦ ለዓመታት የነጠላውን ውድድር ተቆጣጥሮታል። ተመልካቹ የሚወራረደው በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ሳይሆን በአባቱና በመንደሩም ላይ ነው። ሊጉን ሲያቋቁሙ በእጃቸው የነበረው ትልቁ ሀብት ይህ ነበር፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛም አይደለም።

ሊጉ የመጣው ተወራራጁ ማርጀት ሲጀምር ነው። የጎልማሳው ትውልድ ወደ እግር ኳስ ሄደ፣ የግል ትሪንኬቶች ተራ በተራ ተዘጉ፣ መሬታቸው ለሕንፃ ተፈለገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባንካይሻ የተባለው የቫሌንሲያ ቁጠባ ባንክ ስፖንሰር ሆኖ በስሙ የሚጠራ ዓመታዊ ውድድር ተጀመረ፤ ቋሚ ቡድኖች፣ የግጥሚያ ሰሌዳ፣ የነጥብ ሰንጠረዥ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ያለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣው የሚያትመው ነገር አገኘ፣ ቴሌቪዥኑም የሚያስተላልፈው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ቫልኔት የተባለ ኩባንያ ዋና ዋናዎቹን ተጫዋቾች በኮንትራት ሰብስቦ መቅጠር ጀመረ። ለተጫዋቹ ትልቅ ነገር ነበር። ከአንድ የትሪንኬት ባለቤት ፈቃድ ወጥቶ ውል ያለው ሠራተኛ ሆነ።

ግን ቋሚ ቡድን ማለት የማይመጣጠን ቡድን ማለትም ነው። ሦስቱ ኃይለኞች አንድ ላይ ከገቡ ሌላው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ይሸነፋል፤ የድሮው ተወራራጅ ደግሞ ውጤቱን አስቀድሞ ያወቀበት ግጥሚያ ላይ ኪሱን አይከፍትም። ሊጉ አዲስ ተመልካች ሲያመጣ ከቤቱ ነባር ደንበኛ የተወሰነውን አቀዘቀዘ። ይህ የማይቀር ዋጋ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና ዋጋ መሆኑን ሳይናገሩ «ሊጉ ስፖርቱን አዳነው» የሚሉ ሰዎችን አልስማማባቸውም።

የበለጠው አደጋ የመጣው ከስፖንሰሩ ነው። ባንካይሻ በ2010 ከሌሎች ቁጠባ ባንኮች ጋር ተዋሕዶ ባንኪያ ሆነ፣ የውድድሩም ስም አብሮ ተቀየረ። በ2012 ባንኪያ ወድቆ የስፔን መንግሥት ሕዝቡ ሊረሳው በማይችል ገንዘብ ደግፎ ያዘው፤ በ2021 ደግሞ በካይሻባንክ ተዋጠ። በዚሁ መሃል፣ በኅዳር 2013፣ የክልሉ መንግሥት የራሱን ሬዲዮና ቴሌቪዥን በዕዳ ምክንያት ዘጋ። ፒሎታን በክልሉ ቋንቋ በየሳምንቱ ወደ ሳሎን ያስገባ የነበረው ጣቢያ በአንድ ቀን ጠፋ። አፑንት የተባለው ተተኪው ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ2018 ነው። በእነዚያ ዓመታት አሥር ዓመት የነበረ ልጅ አሥራ አምስት ሞላው፤ ፒሎታን በቤቱ ቴሌቪዥን የማየት ልማድ ሳይኖረው። ጨዋታውን ከአባቱ ያልወረሰ የከተማ ልጅ ከየት ያውቀዋል? ስለ ሊጉ ድክመት ስጠየቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው ይህን የአምስት ዓመት ክፍተት ነው። የተጫዋቾቹ ችሎታ አልወረደም ነበር፣ ቤቶቹም ቆመው ነበር። ሊጉ ግን በአንድ ባንክና በአንድ ጣቢያ ላይ ተደግፎ ስለነበር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲንገዳገዱ የሚይዘው አጣ።

አሁን የፕሮፌሽናሉን ውድድር የሚያስተዳድረው የክልሉ መንግሥት ያለበት የፒሎታ ፋውንዴሽን ነው። የከተማ አስተዳደሮችም ትሪንኬት ይሠራሉ፣ ግጥሚያ ይጠራሉ፣ ቡድን ይደግፋሉ። የቫሌንሲያ ፒሎታ በክልሉ ሕግ በቅርስነት ስለተመዘገበ የሕዝብ ገንዘብ መስጠት ሕጋዊ መሠረት አለው። ተማሪዎች በትምህርት ቤት ፒሎታ የሚማሩበት ፕሮግራም አለ። ለብዙ ዘመን ከትሪንኬቱ ወለል ርቀው የቆዩት ሴቶችም ዛሬ በተለይ በራስፓል የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ ይህ ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ከሊጉ ፍሬዎች ሁሉ እኔ የምኮራበት ነው። ከጥቂቶቹ ኮከቦች በቀር በጨዋታው ብቻ የሚኖር ተጫዋች ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሌላ ሥራ አለው።

ፔላዮ ራሱ የተለየ መንገድ ሄደ። አንድ የግል ባለሀብት ገዝቶ አድሶት በ2017 ተከፈተ፤ ምግብ ቤቱ ብቻውን ሰው የሚስብ ሆኗል። ለምሳ የመጣ ሰው በመስኮት ግጥሚያ ያያል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ድሮ ቡና ቤቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ ወጥ ቤቱ እየሠራው ነው ማለት ነው።

«ከአንድ ክልል ውጪ የማይታወቅ» መሆኑን ጠቅሰዋል። የክልሉ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን ገደማ ነውና ትንሽ አይደለም። ከዚያ ያነሰ ሕዝብ ይዘው በጣም የሚበልጥ ገንዘብ ያላቸው የሰሜን ስፔኖቹ ባስኮች አሉ። የእነሱ ጨዋታም በእጅ ነው፣ ሜዳው ግን ፍሮንቶን ይባላል፤ ኳሷ ፊት ለፊት ባለ ግድግዳ ላይ ትመታለች፣ ክብደቷም ከ100 ግራም በላይ ነው። ማኖማኒስታ የተባለው የነጠላ ሻምፒዮና ከ1940 ጀምሮ ይካሄዳል። የመጀመሪያው አሸናፊ አታኖ ሦስተኛ ነበር፤ ናቫራዊው ሬቴጊ ሁለተኛ 11 ጊዜ አሸንፏል። ለአሸናፊው የሚሰጠው ቻፔላ የሚባል ሰፊ ቆብ ነው። ተጫዋቾቹን ቀጥረው የሚያሠሩት ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ሲሆኑ ሻምፒዮናዎቹን ግን በጋራ ያዘጋጃሉ። ውርርዱም አለ፤ አገናኞቹ ወረቀቱን በተሰነጠቀ የቴኒስ ኳስ ውስጥ አድርገው እስከ ላይኛው ረድፍ ይወረውሩታል።

ባስኮች ለምን በለጡ? ሰው ብዙ ጊዜ «የባስክ ብሔርተኝነት» ብሎ ያልፈዋል። እሱም ድርሻ አለው፣ እኔ ግን ወደ ሕንፃው አመለክታለሁ። የፍሮንቶን አንዱ ጎን ክፍት ስለሆነ ወንበር መደርደር ይቻላል፤ በ2011 ቢልባኦ ላይ የተከፈተው ፍሮንቶን ቢስካያ ወደ 3,000 ሰው ይይዛል። ካሜራም ከዚያው ክፍት ጎን መላውን ሜዳ በአንድ ዕይታ ይይዘዋል። የሜዳዎቹ መለኪያም ተቀራራቢ ነው። ትሪንኬት ግን ዙሪያው ዝግ ነው፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ስፋትና የራሱ ግድግዳ አለው፣ ካሜራውን የት እንደሚያቆሙት ይቸገራሉ። ከዚህም ሌላ ባስኮች የበዓል ገበያ አላቸው፦ የፓምፕሎና ሳን ፌርሚን፣ የሎግሮኞ ሳን ማቴዎስ። በበዓሉ ሰሞን በየቀኑ ግጥሚያ አለ፣ ከተማው ሞልቷል፣ ትኬቱ ይሸጣል። ኩባንያዎቹ የዓመቱን ገቢ ከሻምፒዮናና ከበዓል ያመጣጥናሉ።

ወደ ገና እንምጣ። የእኛ ገና ሊግ እንዳይሆን የሚያግደው የሕግ መጽሐፍ እጦት አይደለም፤ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከሻህ፣ ከኩርቦና ከፈረስ ጉግስ ጋር ደንብ አውጥቶለት በየዓመቱ ክልሎችን ያወዳድርበታል። የሚጎድለው ከውድድሩ ማግሥት ጨዋታው የሚቀጥልበት ቤት ነው። በቫሌንሲያ አንድ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ኮከቡ የት እንደሚጫወት ያውቃል። በእኛ ዘንድ የገና ተጫዋች ለክልሉ ተሰልፎ ወርቅ ቢያመጣ እንኳ በሚቀጥለው ወር የት ሜዳ ላይ ሄጄ ልየው ቢሉ የሚነግርዎት የለም። ያለ ቋሚ ሜዳና ያለ ቋሚ ቀን ሊግ ማቋቋም ስፖንሰሩ እስካለ ድረስ የሚቆይ ሰሌዳ ማተም ነው።

ስለዚህ ምሳሌ መውሰድ ካስፈለገ ከቫሌንሲያ ይልቅ የኔዘርላንዷን ፍሪስላንድ እመክራለሁ። እዚያም ካትሰን የተባለ የእጅ ኳስ ጨዋታ አለ፣ በሣር ሜዳ ላይ ሦስት ለሦስት ይጫወቱታል። ፍራኔከር በተባለች ትንሽ ከተማ ከ1853 ጀምሮ በየበጋው በአንድ ረቡዕ የሚካሄድ ውድድር አላቸው። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 30 በኋላ ያለው አምስተኛው ረቡዕ ነው፣ የክልሉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ፈቃድ ወስዶ ይሄዳል። የዕለቱ ምርጥ ተጫዋች ንጉሥ ይባላል፤ ስሙ ለልጅ ልጅ ይነገራል። ተጫዋቾቹ በዚህ ጨዋታ አይኖሩበትም፣ ጨዋታው ግን ይኖራል። ለዚያች ቀን ለመድረስ ሲሉ በጋውን በሙሉ በየመንደሩ ይወዳደራሉ። ገናም የቀን ጨዋታ ነው፤ ታኅሣሥ 29 ማንም ሳያስተዋውቀው የሚጠብቀው ቀን አለው። ፍራኔከር ዘመናት የፈጀባትን ነገር እኛ ቀድሞውኑ በእጃችን ይዘነዋል።

ውርርዱን በተመለከተ ቫሌንሲያን እንድንከተል አልፈልግም። እዚያ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል በቃል የኖረ ነገር ነው፤ እኛ ጋ አሁን ያለው የስፖርት ውርርድ ቤት በየሰፈሩ ወጣቱን ሲያራቁት እያየን ገናን ወደዚያ መክተት ጨዋታውን መበደል ይሆናል።

ፌዴሬሽኑ ቢጠይቀኝ የምለው ይህ ነው። ገና በእውነት የሚጫወቱበት አንድ ወረዳ ይመረጥ። የማይሸጥ፣ ለሕንፃ የማይሰጥ አንድ ሜዳ በካርታ ይለይለት፣ ካርታውም በሕዝቡ ስም ይሁን። ከመስቀል እስከ ገና ባሉት ሳምንታት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደር ከመንደር ይጋጠም፣ ፍጻሜው በገና ዕለት ይሁን፣ የአሸናፊዎቹ ስም በሜዳው መግቢያ ላይ በድንጋይ ይጻፍ። የአካባቢው ሬዲዮ ውጤቱን በየሳምንቱ ያንብብ። ይህ ለአሥር ዓመት ሳይቋረጥ ከሄደ ስፖንሰር ራሱ ፈልጎ ይመጣል፤ ስለ ተጫዋች ደመወዝም ያኔ ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል።